አክስሉ ነው? እውነት ወይስ ተረት

መሪ እስከ ጥጉ ተጠምዝዞ መኪናው ሲነሣ ከፊት ጎማ በኩል «ቋ ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ከመጣ የጋራዥ ፍርድ ፈጣን ነው፤ «አክስሉ አልቋል» ይባላል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ጥፋቱ ያለው ከፍርዱ በፊትና በኋላ ነው። ድምፁ ከመሰማቱ በፊት በዓይን የሚታይ ምልክት ነበረ፤ ጎንበስ ብሎ ያየው ግን የለም። ድምፁ ከመጣ በኋላ ደግሞ ባለመኪናው ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ከሌላ ዓይነት መኪና የተወረሰ፣ የቀረው ያለ ጥቅም ገንዘብ የሚያስወጣ ነው።

ውርሱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባን ያመላለሰችው ሰማያዊና ነጭ ላዳ የምትሄደው በኋላ ጎማዋ ኃይል ነው፤ ሃያስ ሚኒባስም እንደዚሁ። በእነዚህ መኪኖች ላይ ኃይል ከካምቢዮ ተነሥቶ በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ዲፍረንሻል ይሄዳል፤ ሲያረጅ የሚጮኸውም የዘንጉ መጋጠሚያ፣ ክሮቸራው ነው። የፊት ጎማ ሥራው መሪን ተከትሎ መዞር ብቻ ነው። ቪትዝን፣ ያሪስን፣ ዲዛየርንና የቅርብ ጊዜዎቹን ኮሮላዎች ግን የሚጎትታቸው የፊት ጎማ ነው። ያው ጎማ እየጎተተ ይዞራል፣ ጉድጓድ ሲገባ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይነሣል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማድረግ ክሮቸራ አይበቃም። ክሮቸራ ጎብጦ ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ጎማው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለዚህ መላ ካበጁት ሰዎች አንዱ አልፍሬድ ርዜፓ የተባለው የፎርድ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሠራው መጋጠሚያ በቦዮች ውስጥ በሚንከባለሉ የብረት ኳሶች ኃይል ያስተላልፋል፤ ቢጎብጥም ባይጎብጥም የሚገባውና የሚወጣው ፍጥነት እኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ገበያ የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ይህንኑ ዓይነት መጋጠሚያ በፊት ጎማዎቿ ይዛ መጣች፤ ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው ትንንሽ መኪኖች የእሷን መንገድ የተከተሉ ናቸው። እኛ ሲቪ ጆይንት የምንለው እሱን ነው።

ኃይልን ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚያደርስ አክስል በግራም በቀኝም አንድ አንድ አለ። እያንዳንዱ አክስል ሁለት ጆይንት አለው። የውጭው ከጎማው አጠገብ ሆኖ ብዙ ጊዜ በስድስት ኳሶች የሚሠራ ሲሆን ከ40 ዲግሪ በላይ ይጎብጣል። የውስጡ ከካምቢዮ አጠገብ ነው፤ በአብዛኛው ሦስት ተንከባላዮች ያሉት ሆኖ ጎማው ሲነሣና ሲወድቅ ዘንጉ እንዲረዝምና እንዲያጥር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ሁለቱም በግሪስ ተሞልተው፣ በተሸበሸበ የጎማ ሽፋን ተጠቅልለው፣ በብረት ማሰሪያ ታስረዋል። ከዚህ በታች የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ሽፋን ነው።

«ካልጮኸ ደህና ነው»

ተረት ነው። ከተረቶቹ ሁሉ በጣም ውዱም ይኸው ነው።

ጤነኛ ጆይንት ሽፋኑና ግሪሱ እስካሉ ድረስ እጅግ ረጅም ዕድሜ ይቆያል። የሚገድለው በአብዛኛው የኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን የሽፋኑ መቀደድ ነው። የሽፋኑ ጎማ በፀሐይ፣ በሞተር ሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል። መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ሽብሽቡ በአንድ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላው ይለጠጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ከሽብሽቡ ሥር፣ ከውጭ ሲያዩት በማይታየው ጎድጓዳ ቦታ ነው። አክስሉ በፍጥነት ሲሽከረከር ግሪሱ በዚያች ስንጥቅ እየተወረወረ ይወጣል። በወጣበት በኩል ደግሞ የኮረኮንች አቧራ ይገባል፣ በክረምት የጎርፍ ውኃ ይገባል። አቧራ ከቀረው ግሪስ ጋር ሲደባለቅ ብረት የሚሞርድ ነገር ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሹፌሩ አንዳች ድምፅ አይሰማም።

ማየቱ ግን ቀላል ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ሞተር ይጥፋ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ወገን ይጠምዝዙና በተከፈተው በኩል ከጎማው ጀርባ በስልክ መብራት ይመልከቱ። ጤነኛ ሽፋን ግሪስ ሳይነካው፣ አቧራ ለብሶ፣ ሽብሽቡ ሙሉ ሆኖ ይታያል። የተቀደደ ከሆነ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ሽፋኑ ሳይሆን አካባቢው ነው፦ በቸርኬው የውስጥ ፊት ላይ፣ በፍሬኑ ላይ፣ ከፍ ሲልም በሞላው ላይ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አቧራ የተለጠፈበት ግሪስ ተረጭቶ ይገኛል። የተረጨበት መስመር አክስሉ የሚዞርበትን ክብ ይከተላል። በጣት ሲነካ እንደ ሞተር ዘይት አይፈስም፣ ይጣበቃል። ሽብሽቡን በጣት ከፈት ከፈት እያደረጉ ዙሪያውን ይዩት፤ ማሰሪያው ላልቶ በጫፉ በኩል ግሪስ የሚያስተፋም አለ።

በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት፣ ድምፅ ካልጀመረና ውስጡ አሁንም ግሪስ ካለው፣ አክስሉን መቀየር አያስፈልግም። ይወጣል፣ ጆይንቱ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ኳሶቹና ቦዮቹ በብርሃን ይታያሉ፣ አዲስ ግሪስ፣ አዲስ ሽፋንና አዲስ ማሰሪያ ይገባለታል። የሽፋን ዋጋ ከሙሉ አክስል ዋጋ ጋር አይወዳደርም። አክስሉን ላለማውጣት ተብሎ በጎኑ የተሰነጠቀ፣ እላዩ ላይ ተጠቅልሎ በማጣበቂያ የሚዘጋ ሽፋን የሚያስገቡ አሉ። ግሪስ የነካው ጠርዝ ማጣበቂያ አይዝም፤ መንገድ ላይ ለቀረ መኪና ካልሆነ እኔ አልመክረውም።

«ግሪስ ሲጨመርበት ዝም ይላል»

እውነት አለበት፤ ዝም ይላል፣ ለጥቂት ጊዜ። ድምፁ የሚመጣው ኳሶቹ የሚንከባለሉባቸው ቦዮች ተጎድጉደው ኳሱ ከጉድጓዱ ሲወጣና ሲገባ ነው። ወፍራም ግሪስ ያንን ያለሰልሰዋል፤ የተበላውን ብረት ግን አይመልሰውም። ስለዚህ ጩኸት ለጀመረ ጆይንት ሽፋን ለውጦ ግሪስ ሞልቶ መመለስ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፤ ያው አክስል ቆይቶ ዳግመኛ መውጣቱ አይቀርም።

ግሪስ ሲባልም ያገኙት ሁሉ አይሆንም። የውጭው ጆይንት ግሪስ ብዙ ጊዜ ሞሊብዴነም የተቀላቀለበት፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ነው። የውስጡ ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ግሪስ ይፈልጋል፤ ከሽፋኑ ጋር በትንሽ ከረጢት የሚመጣውም ለዚህ ነው። ለጎማ ኩሽኔታ የተገዛውን ግሪስ እዚህ መጠቅጠቅ አይገባም።

«ወደ ግራ ሲዞር ከጮኸ ግራው ነው»

ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። መኪና ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ስለሚያደላ ያረጀው የቀኙ ጆይንት ጎላ ብሎ ይሰማል። ግን ይህም ሕግ አይደለም፤ ወደ ሁለቱም ወገን የሚጮኽ አለ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ብቻ የሚጮኽም አለ። በአቅጣጫ ብቻ ፈርዶ ዕቃ መግዛት አይገባም።

ሰፊ ባዶ ሜዳ ይፈልጉ። መስኮቶቹን ይክፈቱ፣ መሪውን እስከ ጥግ ይጠምዝዙ፣ በቀስታ ክብ እየዞሩ ነዳጅ ረገጥ ለቀቅ ያድርጉ። ከዚያ በሌላው ወገን፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ራቅ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ካለ ከሹፌሩ ይልቅ እሱ ይለየዋል። የጆይንት ድምፅ ምቱ ከጎማው ዙር ጋር ይፈጥናል፣ ከጎማው ጋር ይዘገያል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይበረታል። ቀጥሎ መኪናው ተነሥቶ ዘንጉን በእጅ ይዞ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው። የውስጡ ጆይንት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንሸራተቱ ተፈጥሮው ነው፤ በዚህ ደንግጦ «ላልቷል» የሚል መካኒክ አይመኑ። መጥፎው ምልክት ዘንጉ በመዞሪያው አቅጣጫ ሲነቀነቅ የሚሰማ ክፍተት ነው።

«ከተንቀጠቀጠ አክስል ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ አክስል ያለ ጥፋቱ ይወነጀላል። መለያው ነዳጁ ነው። ዳገት ላይ ወይም ሲፈጥኑ ነዳጅ በረገጡ ጊዜ መኪናው ወደ ጎን እየተወዛወዘ ቢንቀጠቀጥ፣ እግርዎን ሲያነሡ ወዲያው ቢተው፣ የውስጡን ጆይንት ይጠርጥሩ፤ ሦስቱ ተንከባላዮች የሚንሸራተቱበት ቦይ ተበልቷል። ነዳጅ ቢረግጡም ቢለቁም 80 ወይም 100 ላይ ሲደርሱ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን የጎማ ባላንስ ያስፈትሹ። «ውውው» የሚል፣ እንደ ሩቅ አውሮፕላን ያለ፣ በፍጥነት የሚጨምርና መንገዱ ሲታጠፍ የሚለዋወጥ ድምፅ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚንኳኳ ደግሞ ቴስቲና ወይም ሌላ የፊት እግር ዕቃ ነው፤ አክስል ቀጥ ባለ መንገድ ጉድጓድ ስላገኘ ብቻ አይንኳኳም።

አስቸጋሪው ማርሽ ከዲ ወደ አር ሲቀየር የሚሰማው አንድ ከባድ «ጓ» ነው። የውስጡ ጆይንት ሊሆን ይችላል፣ የተበጠሰ የሞተር መያዣ ጎማም ሊሆን ይችላል። ፍሬን ተይዞ ማርሽ ሲቀያየር ሞተሩ ከቦታው ሲዘል ከታየ መጀመሪያ የሚቀየረው መያዣው ነው።

«አንዱ ቢሰበር በሌላው እቤት እደርሳለሁ»

አይደርሱም። ተራ ዲፍረንሻል ኃይልን የሚልከው መዞር ወደቀለለው ወገን ነው፤ የተሰበረው አክስል ምንም ስለማይሸከም በባዶው ይሽከረከራል፣ ጤነኛው ጎማ ካለበት አይነቃነቅም። ሞተር ይጮኻል፣ መኪና አይሄድም።

ከዚህ የባሰ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ፒ ላይ ሲሆን የሚቆልፈው ጎማውን ሳይሆን ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ዘንግ ነው። ከዚያ ዘንግ እስከ ጎማው ያለው መያዣ አክስሉ ነው። አክስሉ ከተሰበረ ወይም ከካምቢዮው ከወጣ ፒ መኪናውን አይይዝም። እንጦጦ ዳገት ላይ ይህ የደረሰበት ሹፌር «ፒ አድርጌዋለሁ» ብሎ ቢወርድ መኪናው ቁልቁል ይሄድበታል። የእጅ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የኋላ ጎማ ስለሆነ እሱ ይሠራል፤ እሱን ይያዙ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገቡ፣ ከዚያ ይውረዱ። ለጥገና አክስል ሲወጣም ይኸው ነው።

«ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ»፣ «ግራና ቀኙን ማቀያየር ይበቃል»

የመጀመሪያው ተረት ነው፤ ያረጀው ብቻ ይቀየራል፣ የሌላው ሽፋን ይታያል። ሁለተኛው ከድሮ ፎልክስዋገኖች የመጣ ነው። በአንዳንዶቹ ጆይንቱን ከግራ ወደ ቀኝ በማዛወር ያልተበላው የቦዩ ፊት እንዲሠራ ይደረግ ነበር። በዛሬዎቹ ትንንሽ መኪኖች ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ የግራና የቀኙ አክስል ርዝመት ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ የአንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

«አዲስ ከአሮጌ ይሻላል»

ሁልጊዜ አይደለም። ርካሽ አዲስ አክስል ገብቶለት ቀድሞ ያልነበረ መንቀጥቀጥ ይዞ የሚመለስ መኪና ብዙ ነው፤ የዘንጉ ክብደትና ውፍረት፣ የውስጡ ጆይንት አሠራር ከኦሪጅናሉ ይለያል። ጆይንቱ ያልጮኸ፣ ቦዩ ንጹሕ የሆነ ያገለገለ ኦሪጅናል አክስል በአዲስ ሽፋንና በአዲስ ግሪስ ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል። በእኔ ፍርድ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው፤ ካልተገኘ ብቻ ወደ አዲሱ መሄድ።

መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሲኬድ አሮጌውን ይዞ መሄድ ይሻላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይጋደማሉ፤ ርዝመታቸው ይታያል፣ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ጥርሶች ይቆጠራሉ፣ አክስሉን በጎማው መሃል የሚይዘው ትልቅ ዳዶም የጥርሱ ውፍረት ይታያል። በአንዳንድ መኪና ላይ በውጭው ጆይንት ዙሪያ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፤ የኤቢኤስ ፍጥነት የሚነበበው ከእሱ ነው። አሮጌው ካለው አዲሱም ያው የጥርስ ቁጥር ያለው ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ ዳሽቦርድ ላይ የኤቢኤስ መብራት ይበራል። ያገለገለ ከሆነ ሽፋኑ ተከፍቶ ሳይታይ ገንዘብ አይከፈል።

«ዳዶው በደንብ ከጠበቀ በቃ»

ተረት ነው፤ ብዙ የጎማ ኩሽኔታ የሚያልቀው በዚህ ነው። ያ ትልቅ ዳዶ አክስሉን ብቻ ሳይሆን ኩሽኔታውንም ጨምቆ የሚይዝ ነው። ከላላ ኩሽኔታው ይፈታል፣ ከልኩ ካለፈ ይጎዳል። በብዙ ኮሮላና ቪትዝ ላይ ልኩ 216 ኒውተን ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 22 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ማለት ነው። በአየር መፍቻ «ጥርርር» አድርጎ መተው ልክ አይደለም። ቶርክ ሬንች የሚባለው መለኪያ ያለው ቁልፍ ለዚህ ነው፤ በሚጠብቅበት ጊዜም ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ።

አወጣጡ ላይ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ዳዶው ጠርዙ ወደ ዘንጉ ጎድጓዳ ተመትቶ የተቆለፈ ከሆነ መጀመሪያ ያ ጠርዝ በመሮ ይነሣል፤ ሳይነሣ ከተፈታ የዘንጉን ጥርስ ይላጨዋል። ዳዶው መላላት የሚገባው መኪናው መሬት ላይ ሳለ ነው። ከዚያ በክሪክ ይነሣል፣ በቋሚ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም መግባት የለበትም። የታችኛው ቴስቲና ተለይቶ እግሩ ወደ ውጭ ሲከፈት አክስሉ ከጎማው በኩል ይወጣል። የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ በቀጥታ መምታት ጥርሱን ያበላሻል፤ አሮጌው ዳዶ ጫፉ ላይ ይመለስና በእሱ ላይ ይመታ። በካምቢዮው በኩል ዘንጉን ይዞ መጎተት የውስጡን ጆይንት ሽፋኑ ውስጥ ይበታትነዋል፤ የሚነቀለው የጆይንቱ ቆብ ራሱ ከሥሩ በብረት ተፈንቅሎ ነው፣ ያውም ኦይል ሲሉን ሳይነኩ።

ሲወጣ ከካምቢዮው ዘይት ይፈስሳል። ብዙ ጋራዥ የሚረሳው ይህ ነው፤ የፈሰሰው በዚያው ዓይነት ዘይት መተካት አለበት። ብዙ ቪትዞች ሲቪቲ ካምቢዮ ስላላቸው የሚፈልጉት የሲቪቲ ዘይት ነው፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ካምቢዮውን ያበላሻል፣ የአክስልን ብዙ እጥፍ ዋጋም ያስከፍላል። አዲሱ አክስል ሲገባ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት «ቀጭ» ብሎ መያዝ አለበት፤ የጆይንቱን ቆብ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ሳብ በማድረግ ይረጋገጣል። ተመትቶ የሚቆለፍ ዳዶ በአዲስ ይቀየራል። ዳዶው በልኩ ሳይጠብቅም መኪናው በጎማው ላይ አይጫን፣ አይገፋ።

አላይመንትስ? ቴስቲናው ተለይቶ ብቻ ከተመለሰ አይዛባም። የሞላው እግር ብሎኖች ተፈትተው ከሆነ ግን ያስፈልገዋል።

«የኤሌክትሪክ መኪና አክስል የለውም»

ይህ አዲሱ ተረት ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ እየተለመደ መጥቷል። የኤሌክትሪክ መኪኖች የሌላቸው የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና ፍሪሲዮን ነው፤ አክስል ግን አላቸው። ቢዋይዲ ዶልፊንና ሲጋል ከፊት፣ የፎልክስዋገን አይዲ 4 በኋላ ጎማ የሚሄደው ዓይነት ደግሞ ከኋላ። ሽፋናቸው እንደማንኛውም ጎማ ይደርቃል፣ አቧራውም ያው የእኛ አቧራ ነው። እንዲያውም የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፣ እግር ከፍጥነት መርገጫው ሲነሣ ደግሞ ጎማው ሞተሩን መልሶ ያዞራል፤ ጆይንቱ በሁለቱም ፊቱ ይሠራል ማለት ነው። ሞተሩ ስለማይጮኽ ትንሿ ድምፅ ሁሉ ትሰማለች፤ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር አንዴ ብቻ «ቀጭ» የሚል ድምፅ የአክስሉ ጥርስ ከጎማው መሃል ጋር የሚገናኝበት ቦታ መድረቅ ሊሆን ስለሚችል በጆይንቱ ላይ ከመፍረድ በፊት እሱ ይታይ።

ለጥገና ሲነሣ የሚለየው ሥሩ ነው። ባትሪው ወለሉን ሙሉ ስለያዘ ክሪክ የሚገባው ፋብሪካው ለማንሻ ምልክት ባደረገባቸው ቦታዎች ብቻ ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሸከሙ ሥልጠና የሌለው ሰው አይነካቸውም። አክስሉ ከወጣም ከሞተሩ ጋር ካለው የጥርስ ሳጥን ዘይት ይፈስሳል፤ መጠኑ ትንሽ ነው ተብሎ ሳይሞላ እንዳይዘጋ።